የዴስክቶፕ ፕሮግራም እሽግ፦ በማውረጃ መጠንና በመጀመሪያ አከፋፈት መካከል

መነሻ

ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቴክኒክ ሰነድ መፈለጊያ ነው። ኮዱ ፓይተን፣ መስኮቱ ፓይሳይድ6 (ኪውት የሚባለው የመስኮት መሥሪያ ለፓይተን)፣ የሰነዱ ማከማቻ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ)። እስካሁን ለተጠቃሚ የሚሰጠው በፓይኢንስቶለር (የፓይተን ፕሮግራምን ከነላይብረሪዎቹ የሚያሽግ መሣሪያ) የዋንፋይል አሠራር፣ ማለትም ሁሉም በአንድ ፋይል ሆኖ፣ የታሸገ አንድ ኢኤክስኢ ነው፤ ዲኤልኤሎቹም (የዊንዶውስ ላይብረሪ ፋይሎች) ዩፒኤክስ በሚባል አማቂ ታምቀዋል። የሚመጣው ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነው፦ ፋይሉ ይከብዳል፣ ወርዶም ጠቅ ሲያደርጉት ለረጅም ጊዜ ምንም አይታይም።

ግብ፦ መጫኛው ከ40 ሜባ በታች፣ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ከጠቅታ እስከ መጀመሪያው መስኮት ከ3 ሰከንድ በታች።

ለእያንዳንዱ ውሳኔ የሚያገለግል ሒሳብ፦ በ2 ሜጋቢት መስመር 1 ሜባ ለማውረድ 4 ሰከንድ ይፈጃል፤ በ20 ሜጋቢት 0.4 ሰከንድ። 10 ሜባ መቀነስ በዘገምተኛው መስመር 40 ሰከንድ ያተርፋል፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ቅነሳው በያንዳንዱ አከፋፈት 1 ሰከንድ የሚያስከፍል ከሆነ ትርፉ በ40ኛው አከፋፈት አለቀ ማለት ነው። በፈጣኑ መስመር በ4ኛው ያልቃል።

ልኬት

ምንም ከመነካቱ በፊት መለኪያው መስተካከል ነበረበት። ነባሩ ኮድ የአከፋፈት ጊዜን የሚቆጥረው ከመጀመሪያው የፓይተን መስመር ጀምሮ ነው። በዋንፋይል ይህ ቁጥር አይረባም፤ ቡትሎደሩ (ፓይተንን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) የታሸጉትን ፋይሎች ሲፈታ የሚያጠፋው ጊዜ ሁሉ ፓይተን ከመነሳቱ በፊት ስለሚያልፍ አይቆጠርም። አዲሱ አለካክ፦ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ሰዓቱን በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይዞ ፕሮግራሙን ያስነሳል፤ ዋናው መስኮት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሲስል (የፔይንት ኢቨንት የመጀመሪያ ጥሪ) ልዩነቱ ወደ ሎግ ይጻፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካሽ (አንዴ የተነበበ ፋይል በራም የሚቆይበት) ነው። ፕሮግራሙን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ከፍቶ አማካይ መውሰድ የሚለካው የራም ካሽን እንጂ የመጀመሪያውን አከፋፈት አይደለም። በዊንዶውስ ላይ ወይ ማሽኑን እንደገና ማስነሳትና ዲስኩ እስኪረጋጋ መጠበቅ፣ ወይም ራምማፕ በሚባል መሣሪያ ስታንድባይ ሊስቱን (ያንኑ ካሽ) ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ የፕሪፌች ፎልደር ውስጥ በፕሮግራሙ ስም የተፈጠረው ፋይልም መጥፋት አለበት፤ ዊንዶውስ ባለፈው አከፋፈት ምን ምን እንደተነበበ የመዘገበበት ስለሆነ፣ ካልጠፋ የሚለካው «ሁለተኛ» አከፋፈት ነው። በሊኑክስ ቀላል ነው፦ ሲንክ በሚለው ትእዛዝ ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ አውጥቶ፣ ካሹን ለማጽዳት ድሮፕ ካሽስ በሚባለው የሥርዓቱ ፋይል ላይ 3 መጻፍ።

ልኬቱ የተደረገው አንቲቫይረስ እንደበራ ነው። አጥፍቶ መለካት ቁጥሩን ያሳምረዋል፣ ተጠቃሚው ግን አያጠፋውም።

ዋንፋይልን መተው

የዋንፋይል ኢኤክስኢ በተከፈተ ቁጥር በቴምፕ ፎልደር ውስጥ በ«ኤምኢአይ» የሚጀምር ስም ያለው አዲስ ፎልደር ይፈጥራል፣ ያለውን ሁሉ እዚያ ይፈታል፣ ከዚያ ራሱን እንደ ሁለተኛ ፕሮሰስ ያስነሳል፣ ሲዘጋ ያጠፋዋል። ፕሮግራሙ ተገድዶ ከተዘጋ ወይም መብራት ከጠፋ ፎልደሩ እንዳለ ይቀራል፤ የሙከራ ማሽኑ ቴምፕ በነዚህ ተሞልቶ ነበር። ለአንቲቫይረሱ ደግሞ እነዚህ ፋይሎች በየጊዜው አዲስ ናቸው፤ ትናንት የመረመረውን ዲኤልኤል ዛሬም ከዜሮ ይመረምራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መጠንና ፍጥነት እርስ በርስ መታሰራቸው ነው። በዋንፋይል ውስጥ ማንም የማይጠራው 20 ሜባ ፋይል ቢኖር በያንዳንዱ አከፋፈት ይፈታል፣ ይጻፋል፣ ይመረመራል፣ ይጠፋል። ወደ ዋንዲር (ፋይሎቹ ተፈትተው በአንድ ፎልደር የሚቀመጡበት አሠራር) ሲዛወር ያ ፋይል ዲስክ ላይ ተኝቶ ይቀመጣል፤ ካልተነበበ አያዘገይም። ከዚህ በኋላ ሁለቱን ችግሮች ለየብቻ መያዝ ተቻለ፤ ማውረዱን የሚያከብደው ሌላ፣ አከፋፈቱን የሚያዘገየው ሌላ።

ቡትሎደሩ በሚፈታበት ጊዜ ምስል የሚያሳየው የስፕላሽ አማራጭም ታይቶ ነበር። የሚሠራው በቲክል/ቲኬ (ሌላ የመስኮት መሥሪያ) ስለሆነ እነዚህን ላይብረሪዎች ጨምሮ ይመጣል። መዘግየቱን ለመሸፈን ክብደት መጨመር ነውና ቀረ።

በዋንዲር ዚፕ አድርጎ ማደልም ተሞክሮ ተትቷል። በብራውዘር የወረደ ዚፕ በዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ሲፈታ «ከኢንተርኔት የመጣ» የሚለው ምልክት ወደ ውስጥ ፋይሎችም ይተላለፋል፤ ተጠቃሚውም አንዳንዴ ሳይፈታው ከዚፑ ውስጥ ኢኤክስኢውን ይጫናል፣ ያን ጊዜ ዲኤልኤሎቹ አይገኙም። ስለዚህ የተመረጠው ኢኖ ሴታፕ በሚባል መሣሪያ የተሠራ መጫኛ ነው።

ዩፒኤክስና ድርብ እመቃ

ከጠቅላላው ሥራ ብዙ ያስገኘው ይህ ነው፤ በሁለቱም ወገን።

ዩፒኤክስ እያንዳንዱን ዲኤልኤል ለብቻው ያምቃል፣ ዲኤልኤሉ በተጫነ ቁጥር ራም ውስጥ ይፈታዋል። ያልታመቀ ዲኤልኤልን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሜሞሪ ማፒንግ ይይዘዋል፤ የሚነበበው የተፈለገው ገጽ ብቻ ነው። የታመቀው ግን ከ100 ተግባር አንዱ ቢጠራም ሙሉው ይፈታል። በዚያ ላይ አንዳንድ ዲኤልኤሎች ሲታመቁ ይበላሻሉ፤ የቪሲ ራንታይም ዲኤልኤልና የኪውት ፕለጊኖች የታወቁ ናቸው፣ ምልክቱም ፕሮግራሙ ያለ መልእክት መውደቁ ነው። አንቲቫይረሶችም የታመቀ ኢኤክስኢን በጥርጣሬ ያያሉ።

ይህ ሁሉ እየታወቀ የሚታገሡት «ማውረዱን ይቀንሳል» ተብሎ ነው። አይቀንስም። ያንኑ ፎልደር አንዴ በዩፒኤክስ፣ አንዴ ያለ ዩፒኤክስ አሽጎ በኢኖ ሴታፕ ኤልዜድኤምኤ2 (ጠንካራ የእመቃ ስልት) ማመቅ በቂ ማረጋገጫ ነው። በዲስክ ላይ የዩፒኤክሱ ፎልደር ያንሳል፤ መጫኛው ግን ያለ ዩፒኤክስ የተሠራው አነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የታመቀ ዳታ ለላይኛው አማቂ እንደ ዘፈቀደ ባይት ነው፣ የሚደጋገም ነገር አይታይበትም። ሳይታመቁ ሲቀርቡ ግን ኤልዜድኤምኤ በአንዱ ዲኤልኤል ያየውን በሌላው ውስጥ ያገኘዋል።

ስለዚህ ደንቡ፦ እመቃ በመስመር ለሚወርደው ፋይል ነው፤ መጫኛው አንዴ ይፈታዋል፣ ዲስክ ላይ ያለው ሳይታመቅ ይኖራል። አንድሮይድም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ከአንድሮይድ 6.0 ጀምሮ ኔቲቭ ላይብረሪዎች ኤፒኬው (የመተግበሪያው ጥቅል) ውስጥ ሳይታመቁ ተቀምጠው በቀጥታ ከዚያው ሊነበቡ ይችላሉ።

የኢኖ ሴታፕ ቅንብር፦ ኤልዜድኤምኤ2 በአልትራ64፣ ሶሊድ ኮምፕሬሽን (ፋይሎቹ እንደ አንድ ተከታታይ ዳታ የሚታመቁበት) በርቶ፣ ፋይሎቹ በኤክስቴንሽን ተደርድረው (ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ድግግሞሹ ይገኛል)። ፒኤንጂና ጄፔግ ምስሎች «ኖኮምፕሬሽን» የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ከታመቀ ላይ ማመቅ ጊዜ ማባከን ነው። አልትራ64 64 ሜባ መዝገበ ቃል (ያለፈውን ባይት የሚያስታውስበት ቦታ) ይጠቀማል፣ ሲፈታም ቢያንስ ያን ያህል ራም ይፈልጋል። ራም በጣም ለሚያጥረው ማሽን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ እዚህ አላስፈለገም።

የሰነዱ ማከማቻም ያው በሽታ ነበረበት። እያንዳንዱ ረድፍ በዚሊብ (ሌላ አማቂ) ታምቆ ነበር የተቀመጠው። አጭር ጽሑፍ ብቻውን ሲታመቅ ትርፉ ትንሽ ነው፣ መጫኛው ውስጥ ሲገባ ደግሞ የማይታመቅ ይሆናል። ጽሑፉ እንዳለ ተቀምጦ ቫክዩም ሲደረግ (ዳታቤዙ ያለ ክፍተት እንደገና ሲጻፍ) የዲስኩ ፋይል አደገ፣ መጫኛው አነሰ።

የፓይተን ሞጁሎችስ? ፓይኢንስቶለር ባይትኮዱን (ፓይተን ለማስኬድ የተረጎመውን ኮድ) በዚሊብ አምቆ በአንድ ማኅደር ያስቀምጣል። በኖአርካይቭ አማራጭ ልቅ የፒዋይሲ ፋይሎች (ለእያንዳንዱ ሞጁል አንድ) ማድረግ ይቻላል፤ ተሞከረ። መጫኛው ጥቂት ቀነሰ፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ካሽ አልባው አከፋፈት ግን ባሰበት። ብዙ ትናንሽ ፋይል ማለት ብዙ የዲስክ ዝላይና ለእያንዳንዱ አንድ የአንቲቫይረስ ምርመራ ነው። ተመለሰ። ይህ እመቃ ከነጉዳቱ ይቆይ።

የኪውት ትርፍ ፋይሎች

ፕሮግራሙ የሚጠራው ኪውት ኮርን፣ ጂዩአይንና ዊጄትስን ብቻ ነው። የታሸገው ፎልደር ውስጥ ግን ኩዊክ፣ ኪውኤምኤልና ፒዲኤፍ የሚባሉ የኪውት ክፍሎችም ይገኛሉ። ያመጧቸው ፕለጊኖች ናቸው፦ የቨርቹዋል ኪቦርዱ ፕለጊን ኩዊክንና ኪውኤምኤልን ይጎትታል፣ የፒዲኤፍ ምስል ፕለጊኑ የፒዲኤፍ ላይብረሪውን። የሶፍትዌር ኦፕንጂኤል ዲኤልኤሉ ደግሞ ብቻውን ወደ 20 ሜባ ነው፤ ዊጄትስ ብቻ ለሚጠቀም ፕሮግራም አያስፈልግም።

እርምጃ፦ የቢልድ አካባቢው በንጹሕ ቪኢኤንቪ (ለብቻው የተለየ የፓይተን አካባቢ)፣ ከፓይሳይድ6 ኢሴንሻልስ ጥቅል ብቻ (ዌብ ኢንጂን ያለው በአዶንስ ጥቅል ነው)። ከዚያ በስፔክ ፋይሉ (የፓይኢንስቶለር ቅንብር) የባይነሪዎች ዝርዝር ላይ ማጣሪያ፦ መጀመሪያ ፕለጊኑ ይወጣል፣ ቀጥሎ የጎተተው ዲኤልኤል።

መውጣት የሌለባቸው፦ የፕላትፎርምስ ፕለጊን (ከሌለ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይከፈትም) እና የስታይልስ ፕለጊን (ከሌለ መልኩ ያረጃል)። ምርመራው ፓይተንም ኪውትም በሌለበት ቨርቹዋል ማሽን መሆን አለበት፤ በሠሪው ማሽን ላይ የጎደለ ዲኤልኤል ከፓዝ (ሥርዓቱ ፋይል ከሚፈልግባቸው ፎልደሮች) ላይ ተገኝቶ ችግሩ ሊደበቅ ይችላል።

ይህ ሥራ ማውረጃውን በግልጽ ቀነሰ። አከፋፈቱ ላይ ያመጣው ለውጥ ከልኬት ስህተት አይለይም፤ ዋንዲር ስለሆነ ሊያመጣም አይገባም።

ኢምፖርት

ፓይተን በኢምፖርትታይም አማራጭ ሲነሳ ኢምፖርት የተደረገው (የተጫነው) እያንዳንዱ ሞጁል የራሱንና የተጠራቀመ ጊዜውን በማይክሮሰከንድ ያትማል። ሁለቴ ማስኬድና ሁለተኛውን መውሰድ፤ በመጀመሪያው ፒዋይሲ የመፍጠር ጊዜ ይደባለቃል። በተጠራቀመው ሲደረደር ከላይ የወጡት ፓንዳስ (የዳታ ላይብረሪ) እና ማትፕሎትሊብ (የግራፍ ላይብረሪ) ናቸው።

ፓንዳስ የተጠራው አንድ ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የሠንጠረዥ ፋይል) ለማንበብ ነው። ማትፕሎትሊብ ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ ለሚታይ የአሞሌ ሥዕል። ማትፕሎትሊብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን በማሽኑ ያሉትን ፎንቶች ሁሉ ዞሮ ዝርዝር ይሠራል፤ ፓይኢንስቶለር የማትፕሎትሊብን የቅንብር ፎልደር ጊዜያዊ ስለሚያደርገው ዝርዝሩ ከፕሮግራሙ ጋር ይጠፋና በሚቀጥለው አከፋፈት እንደገና ይሠራል። የ«መጀመሪያ» ወጪ የዘወትር ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው ኢምፖርቱን ወደ ተግባሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ፓይኢንስቶለር በተግባር ውስጥ ያለ ተራ ኢምፖርትን ያገኘዋል፤ ስሙ በቫሪያብል ለኢምፖርትሊብ ከተሰጠ ግን አያየውም፣ በሂድን ኢምፖርት መጻፍ አለበት። አከፋፈቱ ፈጠነ፣ መዘግየቱ ግን ወደ ሥዕሉ ገጽ ዞረ። መስኮቱ ከታየ በኋላ በሌላ ትሬድ አስቀድሞ መጫንም አላዋጣም፤ ጂአይኤልን (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርገውን ቁልፍ) ስለሚይዝ መስኮቱ እየቆራረጠ ይንቀሳቀሳል። የማውረጃው መጠን ደግሞ ምንም አልተነካም።

በመጨረሻ ሁለቱም ወጡ። ሲኤስቪው በፓይተን በራሱ ሞጁል ይነበባል፣ አሞሌዎቹ በኪውት በራሱ መሣያ በኪውፔይንተር ይሳላሉ። ሁለቱ የሚጠቀሙበት ናምፓይ (የቁጥር ላይብረሪ) እና ይዞት የሚመጣው ኦፕንብላስ (የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪ) አብረው ሄዱ። ቢልዱ ከኮንዳ (ሌላ የፓይተን ጥቅል ማቅረቢያ) አካባቢ ቢሆን ኖሮ በኦፕንብላስ ፋንታ በመቶዎች ሜባ የሚቆጠረው ኤምኬኤል ሊገባ ይችል ነበር። አንድን ጥገኝነት ጨርሶ ማስወጣት ከተቻለ መጠንና ፍጥነት አይሻሙም። መቼ መጫን እንዳለበት ማሰብ ያለብን ማስወጣት ላልተቻለው ነው።

የመፈለጊያ ኢንዴክስ

እውነተኛው ምርጫ እዚህ ነው። የኤፍቲኤስ5 (የኤስኪውላይት የጽሑፍ መፈለጊያ) ኢንዴክስ ተሠርቶ ቢላክ ማውረዱ ይከብዳል፤ በመጀመሪያ አከፋፈት ቢሠራ ተጠቃሚው ይጠብቃል።

መጀመሪያ ኢንዴክሱን ራሱን ማሳነስ። ኤፍቲኤስ5 «ዲቴይል» የሚባል፣ የቃሉ ቦታ ምን ያህል በዝርዝር እንደሚመዘገብ የሚወስን አማራጭ አለው። በኤስኪውላይት ሰነድ ላይ በተጠቀሰው ሙከራ 1636 ሜባ የኢሜይል ዳታ ሲመዘገብ ኢንዴክሱ በሙሉ ዲቴይል 743፣ በኮለም 340፣ ያለ ዲቴይል 134 ሜባ ሆኗል። ያለ ዲቴይል ሲሆን የሐረግ ፍለጋ፣ የቅርበት ፍለጋና በኮለም መገደብ ይቀራሉ። ሐረግ ያስፈልገናል፤ መፍትሔው ቃላቱን በ«እና» ፈልጎ የተገኙትን ጥቂት ረድፎች ጽሑፍ በፓይተን ማጣራት ነው። ጽሑፉ ሳይታመቅ መቀመጡ እዚህም ጠቀመ።

ሁለተኛ፣ የት ይጻፍ? ፕሮግራም ፋይልስ ለተራ ተጠቃሚ አይጻፍበትም። ማከማቻውን ወደ ተጠቃሚው ፎልደር መቅዳት ዲስክ በእጥፍ ይፈጃል። ኢንዴክሱ ለብቻው በሌላ ፋይል ይሁን ቢባል፣ የውጭ ይዘት ያለው የኤፍቲኤስ5 ሠንጠረዥ ጽሑፉን በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ይፈልጋል። ይዘት አልባ ሠንጠረዥ ግን ሮውአይዲ (የረድፍ ቁጥር) ብቻ ስለሚመልስ ለብቻው መቆም ይችላል፤ ዋናው ማከማቻ በአታች ተያይዞ ጽሑፉ ከዚያ ይወጣል። ይህ ተመረጠ።

ሦስተኛ፣ መቼ ይሠራ? የማውረጃ መጠበቅና የአከፋፈት መጠበቅ እኩል አይደሉም። ተጠቃሚው ሲያወርድ መቶኛ እያየ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ጠቅ አድርጎ መስኮት ሲያጣ ግን ደግሞ ይጫናል፣ ሁለት ፕሮሰስ ይነሳል፣ ሁለቱም አንድ ኢንዴክስ መሥራት ይጀምራሉ። መጫኛው ሲሠራም እንደ ማውረዱ የሚንቀሳቀስ አሞሌ ያያል። ስለዚህ ኢንዴክሱ አይላክም፤ የሚሠራው የመጫኛው የመጨረሻ እርምጃ ላይ ነው።

አሠራሩ፦
በጊዜያዊ ስም አዲስ ፋይል መክፈት፣ ሲንክሮነስን (የተጻፈው ዲስክ ላይ እስኪደርስ መጠበቅን) ማጥፋት (ቢበላሽ የሚጣል ፋይል ስለሆነ)፣ ሁሉንም ረድፍ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ የሚጸድቅ ወይ ሙሉ የሚቀር) በሮውአይዲ ቅደም ተከተል ማስገባት፣ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ዩዘር ቨርዥኑን (ዳታቤዙ የሚይዘውን የስሪት ቁጥር) ወደ ማከማቻው ቁጥር ማድረግ፣ ዘግቶ ስሙን መቀየር። ፕሮግራሙ ሲነሳ ፋይሉ ከሌለ ወይም ቁጥሩ ካልገጠመ ከበስተጀርባ ይሠራዋል፤ እስከዚያው ፍለጋው በላይክ (ያለ ኢንዴክስ ረድፎቹን አንድ በአንድ ማየት) ነው፣ ዘገምተኛ ቢሆንም ይሠራል። ሁለት ፕሮሰስ እንዳይጋጭ የጊዜያዊው ፋይል ስም የፕሮሰስ ቁጥር ይይዛል፤ ስሙን ቀድሞ የቀየረ ያሸንፋል።

ኢንዴክሱን የሚያጠቃልለው የኦፕቲማይዝ ትእዛዝ ለጊዜው ወጥቷል። ፍለጋውን ያፋጥናል፣ ጭነቱን ግን ያረዝማል፤ በዚህ መጠን ማከማቻ ልዩነቱ በዓይን አይታይም።

የሚረሳ ነገር፦ ኢንዴክሱን ኢኖ ሴታፕ አልጻፈውምና ፕሮግራሙ ከማሽኑ ሲወገድም አያጠፋውም፤ በአንኢንስቶል ዲሊት ክፍል መመዝገብ አለበት። መጫኛው ደግሞ በዝቅተኛ ፈቃድ ይሠራል፤ ያኔ ፕሮግራሙ በተጠቃሚው ሎካል አፕዴታ ሥር ስለሚገባ ኢንዴክሱን ያለ አድሚን ፈቃድ መጻፍ ይቻላል።

ሊኑክስ

እዚህ ደንቡ ይገለበጣል፤ አፕኢሜጅ (በሊኑክስ ሳይጫን የሚሠራ አንድ ፋይል) የሚፈታ መጫኛ የለውም። ሲከፈት እንደ ስኳሽኤፍኤስ (የታመቀ የፋይል ሥርዓት) ሆኖ ይያያዛል፣ የተነበበው ብሎክ በየጊዜው ይፈታል። በኤክስዜድ ማመቅ ከሁሉ ያነሰ ፋይል ይሰጣል፣ አከፋፈቱንም ከሁሉ ያዘገያል። ምርጫው ዚስታንዳርድ የሚባለው አማቂ ነው፤ የሚፈታበት ፍጥነት በእመቃው ደረጃ ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚህ ቢልዱ ቢረዝምም ከፍተኛ ደረጃ መጠቀም ይቻላል። አርች ሊኑክስ (አንድ የሊኑክስ ስርጭት) እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ጥቅሎቹን ከኤክስዜድ ወደ ዚስታንዳርድ ሲያዛውር ጠቅላላ መጠኑ በ0.8 በመቶ ገደማ ጨምሮ መፍታቱ ወደ 1300 በመቶ መፍጠኑን ገልጿል።

የብሎክ መጠንም አለ፤ በነባሪ 128 ኪባ፣ ጣሪያው 1 ሜባ። ትልቅ ብሎክ የተሻለ ያምቃል፣ ግን 4 ኪባ ለማንበብ ሙሉው ብሎክ ይፈታል። ኤስኪውላይት እዚህም እዚያም የሚያነብ ስለሆነ 128 ኪባው ተያዘ።

ዝማኔ

ሶሊድ መጫኛ ለመጀመሪያ ማውረድ ጥሩ ነው፤ አንድ መስመር ኮድ ሲለወጥ ግን ሙሉው እንደገና ይወርዳል። ዋንዲር ስለሆነ በፋይል ደረጃ ማዘመን ይቻላል፦ የፋይሎች ዝርዝር ከሻ256 ሃሽ (የፋይሉ ይዘት አሻራ) ጋር፣ ሃሹ የተለየው ብቻ በዚስታንዳርድ ታምቆ ይወርዳል። የኪውት ዲኤልኤሎች ሳይለወጡ ይከርማሉ። የፓይተን ማኅደር ያለው ኢኤክስኢው ውስጥ ስለሆነ የሚለወጠው በአብዛኛው እርሱ ነው።

ኮዱ ሳይለወጥ ሃሹ እንዳይለወጥ በቢልዱ ጊዜ የፓይተን ሃሽሲድ (የዘፈቀደ መነሻ) እና የሶርስ ዴት ኢፖክ (የቢልድ ቀን) ቋሚ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በኢኤክስኢው ላይ የሚደረገው ዲጂታል ፊርማ የሰዓት ማኅተም ስለሚይዝ ባይቶቹን ይለውጣል፤ የሚነጻጸረው ስለዚህ ከፊርማ በፊት ያለው ሃሽ ነው፣ ካልተለወጠ የቀድሞው የተፈረመ ፋይል እንዳለ ይላካል።

ያልተዘጋ፦ ዊንዶውስ በሥራ ላይ ያለ ዲኤልኤልን መሰረዝም መተካትም አይፈቅድም፣ ስሙን መቀየር ግን ይፈቅዳል። አሁን አሮጌው በሌላ ስም ይቀመጥና በሚቀጥለው አከፋፈት ይሰረዛል። ስረዛው ከመስኮቱ መታየት በፊት ነው የሚካሄደው፤ ወደ ኋላ መዛወር አለበት።